የሳምንቱን በእጅ፣ የወሩን በባንክ፦ ለሀዋሳ ደመወዝተኛ የወጪ መመሪያ

ሀዋሳ ላይ ብር ሳይነኩ መዋል ከተቻለ ሰነባብቷል። ጠዋት ፒያሳ ማኪያቶ ጠጥተው በቴሌብር ይከፍላሉ፤ ምሳ ሰዓት አሞራ ገደል ወርደው አሳ ሲያዙ ሻጩ የሒሳብ ቁጥሩን ይነግርዎታል፤ ማታ የሰፈር ሱቅ መስኮት ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይተው የዳቦና የወተቱን ይልካሉ። ምቾቱን የሚጠላ የለም። ጭንቀቱ የሚመጣው ወሩ ሃያን ሲሻገር ነው። ደመወዝ አልቋል፤ ይህ ነው የሚባል ዕቃ አልተገዛም፤ ብሩ በየት በየት እንደወጣ የሚያስታውስም የለም።

ይህን የምጽፈው በወር ደመወዝ ለሚኖር የሀዋሳ ሰው ነው፤ ለመምህሩ፣ ለነርሷ፣ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ፣ በሐይቅ ዳር ሆቴሎች ለሚያስተናግደው። የምለው አንድ ነገር ነው። በወር አንድ ጊዜ የሚከፈለውን በስልክዎ ይክፈሉ፤ በየቀኑ የሚወጣውን በጥሬ ገንዘብ ይክፈሉ፤ በእጅ ያለው ሲያልቅ ደግሞ ስልኩ እንዳይተካው በሩን ይዝጉ። ከሦስቱ ከባዱ የመጨረሻው ነው፤ ሰው የሚሸነፈውም እዚያ ላይ ነው።

ስልኩ ጠላት አይደለም። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ብዙዎቻችን ለአየር ሰዓት መሙያ ብቻ የሚሆን መስሎን ነበር። ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት ይናገራል። የንግድ ባንኩ ሲቢኢ ብር ከእሱ ቀድሞ ነበር፤ የሳፋሪኮሙ ኤም-ፔሳ ደግሞ በ2015 መጨረሻ መጣ። ነዳጅማ ከ2015 ወዲህ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ እንዲቀዳ ተደንግጓል፤ ቀን ሙሉ ከተሳፋሪ ዝርዝር ብር የሚሰበስበው የባጃጅ ሹፌር እንኳን ማደያ ሲገባ ስልኩን ማውጣት አለበት። ከዚህ ወደ ኋላ የሚመለስ የለም፤ መመለስም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የትኛው ወጪ በየትኛው እጅ ይውጣ የሚለውን መለየት ነው።

ጥሬ ገንዘብ ለምን ይረዳል? ብር ከኪስ ሲወጣ ስለሚሰማን ነው። በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ድራዘን ፕሬሌክና ደንከን ሲመስተር የተባሉ ሁለት የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ለቅርጫት ኳስ ጨዋታ ትኬት ተማሪዎችን አጫረቱ። ግማሾቹን በጥሬ ገንዘብ፣ ግማሾቹን በክሬዲት ካርድ ትከፍላላችሁ አሏቸው። ትኬቱ ያው ነው፤ ካርድ የተባሉት የሰጡት ዋጋ ግን እጥፍ ገደማ ሆነ። ክሬዲት ካርድ ብድር ነው፤ የእኛ ቴሌብር ደግሞ ከራሳችን ሒሳብ ላይ ነው የሚቀንሰው፤ ስለዚህ ልዩነቱ እኛ ዘንድ ያን ያህል ይሰፋል ማለቴ አይደለም። ነገሩ ግን እኛም ላይ አለ። ሁለት መቶ ብር ቆጥሮ ሲሰጥ የሚያቅማማ ሰው፣ ስልኩ ላይ 200 ጽፎ ፒን ሲያስገባ አያቅማማም።

አንድ። ያለፈውን ወር መልእክቶች ያንብቡ

ምንም ከመቁረጥዎ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጡ። ከ127 የገቡትን የቴሌብር መልእክቶችና ከባንክዎ የደረሱትን ይክፈቱ። ከደመወዝ ቀን እስከ ደመወዝ ቀን ያለውን እያንዳንዱን ወጪ በሦስት ዓምድ ይጻፉ፤ በወር አንዴ የሚከፈል (ኪራይ፣ መብራት፣ ውኃ፣ የትምህርት ቤት)፣ በየቀኑ የሚወጣ (ሻይ ቡና፣ ባጃጅ፣ ሱቅ፣ ምሳ)፣ ለሰው የወጣ (ለቤተሰብ የላኩት፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ አራስ ጥየቃ፣ ግብዣ)። ከኤቲኤም ያወጡትን ደግሞ ለብቻው ያስቀምጡ፤ የእሱ ዝርዝር አይገኝም።

አሁን መካከለኛውን ዓምድ ብቻ ይደምሩ። ከ300 ብር በታች የሆኑት ስንት እንደሆኑም ይቁጠሩ። አብዛኛው ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ ኪራዩ እንደከበደ ያውቃል፣ የ60 እና የ120 ብሮቹ ድምር ግን ኪራዩን ሊስተካከል እንደቀረበ አያውቅም። መልእክቱ በየጊዜው ቀሪ ሒሳብ ነግሮናል፤ ግን የምናየው ክፍያው መፈጸሙን ብቻ ነው። በዚያው ንባብዎ የአገልግሎት ክፍያና ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሉትንም ይመልከቱ። በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ትንሽ ናት፤ በየቀኑ ከባንክ ወደ ሰው ሒሳብ ለሚልክ ግን ወሩን ሙሉ ሲደመር የአንድ ቀን አስቤዛ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሥራ መዝለል ያምራል። አይዝለሉት። ጃፓን ውስጥ ሃኒ ሞቶኮ የተባለች ጋዜጠኛ በ1904 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለቤት እመቤቶች ያዘጋጀችው ካኬቦ የሚባል የወጪ መዝገብ እስከ ዛሬ የሚሠራበት፣ በእጅ መጻፍ ራሱ ሰውን ስለሚያስቆመው ነው።

ሁለት። ወሩን በሰባት ይቁረጡ

የእኛ ወር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ሁልጊዜ ሠላሳ ቀን ነው፤ አራት ሳምንትና ሁለት ቀን። ወሩን በአራት ከፍሎ የሚሄድ ሰው ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ ላይ የሚደርቀው እነዚያን ሁለት ቀኖች ስለሚረሳቸው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሩ ለስሌት ያህል ነው፤ የእርስዎን ይተኩበት። በእጅ የሚደርስ ደመወዝ 15,000 ብር ይሁን። የቤት ኪራይ 4,500፣ መብራትና ውኃ ከስልክ ጋር 600፣ እድርና እቁብ 1,500፣ ለቤተሰብ የሚላክ 1,000፣ የወር አስቤዛ (ጤፍ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቡና) 2,000፣ ለማኅበራዊ ጉዳይ 500፣ ለጳጉሜን የሚቀመጥ 400። ድምሩ 10,500 ነው፤ 4,500 ብር ይቀራል። ለሠላሳ ቀን ሲካፈል በቀን 150 ይሆናል፤ በሳምንት 1,050፣ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀኖች 300። ከዚህ በኋላ በወሩ ውስጥ የሚያስታውሱት ቁጥር 15,000 አይደለም። 1,050 ነው።

የጳጉሜን ነገር ማብራሪያ ይፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ነው፤ ጳጉሜን የራሷ ደመወዝ የላትም። የነሐሴን ከተቀበሉ በኋላ የመስከረም እስኪመጣ ሠላሳ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ ሠላሳ ስድስት ቀን ይጠብቃሉ። በዚያው መካከል እንቁጣጣሽ አለ፣ የልጆች ምዝገባና ደብተር አለ፣ መስቀል አለ። ዓመቱን ሙሉ ቤቱን በሥርዓት የመራ ሰው መስከረም ላይ ዱቤ ውስጥ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። በወር 400 ከመስከረም እስከ ነሐሴ ሲቀመጥ 4,800 ይሆናል። ከዚያ ላይ 750ው ለአምስቱ ቀን የዕለት ወጪ ነው፤ የቀረው ለበዓሉና ለደብተሩ። ደመወዝዎ በፈረንጅ ወር የሚከፈል ከሆነ ይህ ችግር የለብዎትም፤ ወሩ 31 የሚሆንባቸውን ጊዜያት ብቻ ያስቡ።

የሀዋሳ ሰው ሌሎች ቀኖችንም አስቀድሞ ማየት አለበት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ የአልጋውም የምግቡም ዋጋ ከፍ ይላል፣ ቤትዎም ከሩቅ የመጣ ዘመድ አያጣም። የሲዳማ አዲስ ዓመት የፍቼ ጨምበላላ ቀን አያንቶዎች በሚባሉ አዋቂዎች የኮከብ ቆጠራ ስለሚወሰን በየዓመቱ ይለያያል፤ ቀኑ እንደታወጀ ሳምንታዊ ወጪዎን ያስተካክሉ። ጿሚ ከሆኑ በዐቢይ ጾም የሥጋና የወተቱ ወጪ ይቀንሳል፤ የተረፈውን ለፋሲካ ያቆዩት እንጂ በሻይ ቡና አይጨርሱት።

ሦስት። የደመወዝ ቀን ቅደም ተከተል

ደመወዝ የገባ ቀን ምሽት ሐይቅ ዳር አይሂዱ። መጀመሪያ ቁጭ ብለው የወሩን ክፍያዎች በሙሉ ከስልክዎ ይክፈሉ። የንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆኑ በመተግበሪያው ወይም በ*889#፣ በቴሌብር ከሆነ በመተግበሪያው ወይም በ*127# ይሠራል። ኪራዩን ላኩ፣ የመብራቱን ከፈሉ፣ ለእናትዎ ላኩ፣ የእቁቡን አስገቡ። እነዚህ በስልክ መሆናቸው ይጠቅማል፤ ማስረጃ ይኖራል፣ ወረፋ የለም፣ በመንገድ ላይም ብር አይጠፋም። ከአከራይ ጋር ለሚነሳ ክርክር የባንክ መልእክትን የመሰለ ምስክር የለም።

እቁብን ከቋሚዎቹ ጋር ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ብዙ ሰው በተረፈኝ እከፍላለሁ ይላል፤ አይተርፍም። እቁብ የሚሠራው ሰብሳቢው ስለሚጠብቅዎት፣ የእርስዎ መቅረት የሌላውን ዕጣ ስለሚያጎድል ነው። ያን የመሰለ አስገዳጅ ነገር የትኛውም መተግበሪያ አይሰጥዎትም።

የጳጉሜንን ገንዘብ ከዕለት ሒሳብዎ ያውጡት። ካርድ የሌለው ሌላ የቁጠባ ሒሳብ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ቴሌብር ውስጥ ያለው ሳንዱቅ የተባለው የቁጠባ አገልግሎትም ይሆናል። ዋናው ነገር ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጓደኛ ሲደውል በቀላሉ የማይደርሱበት ቦታ መሆኑ ነው።

ከዚያ ጥሬ ገንዘቡን ያውጡ። በራስዎ ባንክ ኤቲኤም ያውጡ፤ በሌላ ባንክ ማሽን ክፍያ አለው። በደመወዝ ሰሞን ማሽኑ ብር ሊያልቅበት፣ ሰልፉም ሊረዝም ስለሚችል በማለዳ ይሂዱ። ማሽን የሚሰጥዎት ትላልቁን ኖት ነው፤ ስለዚህ ከተቻለ በወር አንድ ጊዜ መስኮት ላይ ቀርበው ዝርዝር እንዲጨምሩልዎ ገንዘብ ከፋዩን ይጠይቁ። ለአንድ ሳምንት 1,050 ብር እኔ የምመክረው እንዲህ ነው፤ ሁለት ባለ 200፣ አራት ባለ 100፣ አራት ባለ 50፣ አምስት ባለ 10።

የኖቱ ዓይነት ቀልድ አይደለም። ባለ 200 ብር ኖት የመጣው መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም ከተለወጡት ብሮች ጋር ነው፤ ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር። አሁንም ቢሆን ሰው ትልቁን ለመዘርዘር ያመነታል፤ ከተዘረዘረ በኋላ ግን ቀሪው የት እንደደረሰ አይታወቅም። ፕሪያ ራጉቢርና ጆይዲፕ ስሪቫስታቫ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ነው ያሳየው፤ እኩል ገንዘብ በአንድ ኖት የያዘ ሰው፣ በዝርዝር ከያዘው ያነሰ ያወጣል። ስለዚህ ትላልቆቹ ቤት ይቀመጡ፣ ዝርዝሩ ኪስ ይግባ።

አራት። አምስት ፖስታ፣ አንድ ተጨማሪ

ከወረቀት ቤት ተራ ፖስታ ይግዙ። በአራቱ ላይ የሳምንቱን መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ይጻፉ፤ በአምስተኛው ላይ «29 እና 30»፤ በስድስተኛው ላይ «ለሰው»። ለማኅበራዊ ጉዳይ የተያዘው 500 የሚገባው እዚህ ነው።

በውጭ አገር ይህን ዘዴ የሚያስተምሩ ሰዎች ፖስታውን በወጪ ዓይነት ይከፍሉታል፤ የምግብ፣ የትራንስፖርት፣ የመዝናኛ። እኛ አገር ይህ ብዙ አያራምድም። ዝርዝር ብር ራሱ ችግር ነው። ከትራንስፖርቱ ፖስታ 10 ብር ለማውጣት ባለ 100 ይመዘዛል፤ መልሱ ከቲማቲሙ ጋር ይቀላቀላል፤ በሦስተኛው ቀን የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋል። በሳምንት መክፈል ግን አይምታታም። በቲማቲምም ይውጣ በባጃጅ፣ የዚህ ሳምንት ገንዘብ ይሄ ነው።

ከተቻለ ሳምንቱን ሰኞ ይጀምሩት፤ ከመጀመሪያው ሰኞ በፊትና ከመጨረሻው እሑድ በኋላ የሚተርፉት ቀኖች በዕለት ሒሳብ ይታሰባሉ። ዓርብ ወይም ቅዳሜ የጀመረ ሰው ሙሉ ፖስታ ይዞ ቅዳሜና እሑድ ውስጥ ይገባል፤ ሀዋሳ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ የሚያዝናና ከተማ ነው። ሰኞ የጀመረ ግን ሐይቁ ዳር ወዳለው ፍቅር ሐይቅ የሚወርደው በተረፈው ነው፤ ስለዚህ ማክሰኞ ላይ ራሱ ይቆጥባል።

ወሩን ሙሉ በአንዴ ላውጣ ወይስ በየሳምንቱ? የሚቆለፍ ሳጥን ያለበት የራስዎ ቤት ካለዎት በአንዴ ያውጡ። እንደ ብዙዎቹ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች አንድ ክፍል ለብዙ ተከራይተው ከሆነ ግን በየሰኞው የሳምንቱን ብቻ ያውጡ፤ የሌላውን ሰው እምነት በብር አይፈትኑ። ኪስ ውስጥ ደግሞ ከዕለቱና ከነገው በላይ አይያዙ። መናኸሪያና ገበያ ሲሄዱ ያውም ለሁለት ይከፈል።

አምስት። የስልኩን በር መዝጋት

ፖስታ ያዘጋጁ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሚዘልቁት ጥቂት ናቸው። ሐሙስ ላይ ፖስታው ሲያልቅ ስልኩ ውስጥ ብር አለ። «ዛሬን ብቻ» ተብሎ ይከፈላል። በዚያች ቅጽበት ዘዴው ፈርሷል፤ ጥሬ ገንዘቡ ከበጀትነት ወደ ተጨማሪ ገንዘብነት ተቀይሯል።

ስለዚህ የወሩ ክፍያ ካለቀ በኋላ ቴሌብር ውስጥ ለነዳጅና ለአየር ሰዓት ከሚበቃ በላይ አይተዉ። ነዳጅ የማይቀዱ ከሆነማ ባዶ ቢቀር ምንም አይደለም። ቴሌብር እንደኪሴ የሚባል አገልግሎት አለው፤ በ2014 ከዳሸን ባንክ ጋር ከተጀመሩት አንዱ ነው። ሒሳብዎ ሲያጥር ጎደሎውን ሸፍኖ ክፍያውን ያስጨርሳል። መላ የሚባለው ሌላው የቴሌብር አገልግሎት ደግሞ አነስተኛ ብድር ነው። ሁለቱም ያለ ክፍያ አይደሉም። ለድንገተኛ ሕመም ተከፍተው ይቆዩ፤ ለማኪያቶ ከተጠቀሙባቸው የሚቀጥለውን ወር ደመወዝ አሁን እየጠጡት ነው።

ወጪዎን በሐቅ ለመቆጣጠር አንድ ሕግ ያስፈልጋል። በሳምንቱ ውስጥ በግድ በስልክ ከከፈሉ፣ ቤት እንደገቡ ያንኑ ያህል ጥሬ ገንዘብ ከፖስታው አውጥተው በ«29 እና 30» ውስጥ ያስቀምጡ። ሻጩ ዝርዝር የለኝም ብሎ 80 ብር በቴሌብር ከላኩ፣ 80 ብር ከሳምንቱ ፖስታ ይወጣል። ይህን ያደረገ ሰው ስልኩን መፍራት የለበትም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ስልክዎን ለሻጭ ሰጥተው «አንተ ላከው» አይበሉ። በየሱቁ ሲደረግ አያለሁ። ፒን የቤት ቁልፍ ነው፤ በቅንነት የተነገረ ፒንም ያው ተነግሯል።

ስድስት። መንገድ ላይ

ባጃጅ። ሀዋሳ ውስጥ ትንንሹ ብር በብዛት የሚያልቀው በዚህ ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጡ የዕለቱን መሄጃና መመለሻ በዝርዝር ለይተው በአንድ ኪስ ይያዙ። ባለ 200 ያወጣ ተሳፋሪ ወይ መልስ ፍለጋ ይጓተታል፣ ወይ «ይቅር ያዘው» ይላል፣ ወይ ኮንትራት ይይዛል። ዋናው ቀዳዳ ኮንትራት ነው። አንድ ጊዜ ኮንትራት በሰው ተጭኖ ከመሄድ ብዙ እጥፍ ነው፤ የሚያዘውም ስለረፈደ ነው። ሩብ ሰዓት ቀድሞ መነሳት የሳምንቱን ፖስታ ከሚያድኑት ነገሮች አንዱ ነው።

አሳ። አሞራ ገደል ላይ ዋጋው በአንድ ቦታ አይከፈልም። ቆሮሶውን ከሻጩ ይገዛሉ፤ አጥንቱን አውጥቶ ለሚያጸዳልዎ ልጅ ለብቻው ይከፍላሉ፤ ካስጠበሱ የመጥበሻ አለ፤ ጥሬውን በዳጣ ከበሉ የዳጣና የዳቦው አለ፤ ሾርባው፣ ለስላሳው፣ መኪና ለሚጠብቀው የሚሰጠው። እያንዳንዱ ትንሽ ነው፤ አንድ ላይ የተጠየቀ ዋጋ ስላልሆነ ማንም አይደምረውም። በስልክ ከሆነ አምስትና ስድስት ጊዜ ይልካሉ። ስለዚህ ከመውረድዎ በፊት ለዚያ ቀን የሚያወጡትን ብር ለይተው ይያዙ፤ ሌላውን ከቤት ይተዉ፤ ዋጋውንም አሳው ቢላዋ ሳይነካው ይነጋገሩ። ሲያልቅ ይነሳሉ። ከልጆች ጋር ከሄዱ ብሩን ለትልቁ ልጅ ያስይዙት፤ እሱ ሲቆጥርና ሲከፍል አንዴ ካየ፣ ሁለተኛ ለስላሳ የሚጠይቅበት ድምፅ ይለወጣል።

ሱቅ። የሰፈር ሱቅ ሁለት አደጋ አለው፤ አንዱ ስልክ፣ ሁለተኛው የዱቤ ደብተር። ዱቤ በክፉ ቀን የደረሰልን ነገር ነው፤ ባለሱቁም ጎረቤት ነው፤ እኔ ዱቤን አላወግዝም። ግን ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ሲወሰድ አይሰማም፤ የሚሰማው ወሩ ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ነው፤ ያኔ አዲሱ ደመወዝ ያለፈውን ወር ዳቦ ይከፍላል። ከዱቤ ለመውጣት የሚፈልግ ሰው ዕዳውን በአንዴ ለመክፈል አይሞክር፤ ከሞከረ ፖስታውን ባዶ አድርጎ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ በዱቤ ያስጽፋል። ዕዳውን ለአራት ከፍሎ ከእያንዳንዱ ሳምንት መጀመሪያ ላይ ይክፈል፤ ለባለሱቁም «ከዛሬ ጀምሮ አዲስ አይጻፍልኝ» ይበለው። ባለሱቆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ለእነሱም ዕቃ ማምጫው ጥሬ ገንዘብ ነው።

ቡና። ጀበና ቡና በጥሬ ገንዘብ፣ ያውም በዝርዝር። ስለ ቡና ከዚህ በላይ የምለው የለም።

ሰባት። «በሞቴ እኔ ልክፈል»

ከአዲስ አበባ ወዳጅ መጣ፤ ሐይቅ ዳር ተቀመጣችሁ፤ ሒሳብ ሲመጣ ሦስት እጅ ይዘረጋል። ይህ ባህላችን ነው፤ ይጥፋ የሚል ሰው ወጪ መቆጣጠርን ከንፍገት ጋር አምታቶታል። ግን ስልክ ከመጣ ወዲህ ከአቅም በላይ መጋበዝ ቀላል ሆኗል። ድሮ ኪስ ውስጥ ያለው ራሱ ወሰን ነበር።

«ለሰው» የሚለው ፖስታ የተዘጋጀው ለዚህ ነው። እንግዳ እንደሚመጣ ሲያውቁ ከዚያ ይውሰዱ፤ የሚበቃው ለሻይ ቡና ከሆነ ለሻይ ቡና ይጋብዙ፤ ምሳውን ቤት ያድርጉት። ሀዋሳ ቤት ውስጥ የተሠራ የአሳ ወጥ የሚያሳፍር ግብዣ አይደለም። ፖስታው ሳይነካ ወሩ ካለቀ አይውሰዱት፤ ያሳድሩት። ለቅሶና ሠርግ ወር አይጠብቁም፤ ሁለት ወር ባዶ ሆኖ በሦስተኛው ሦስቱ በአንዴ ይመጣሉ።

ቤት ውስጥ ሁለት ከሆናችሁ

ባልና ሚስት ሁለት ስልክ ይዘው አንድ በጀት መምራት አይችሉም። አንዱ ሳምንቱን ሲቆጥብ ሌላው በማያየው ስልክ ይከፍላል፤ ወር ሲያልቅ ጠብ ነው። ፖስታው አንድ ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ ሁለቱም ያውጡ፤ ያወጣ ሰው በፖስታው ጀርባ ቀኑንና ብሩን ይጻፍ። የቤት ሠራተኛ ካለች የገበያውን በቁጥር ይስጧት፤ መልሱን እዚያው ፖስታ ውስጥ ትመልስ። ይህ እሷንም ከመጠርጠር ያድናታል። ገበያ የምትወጣው እሷ ስለሆነች ሽንኩርት ስንት እንደገባ ከእርስዎ የተሻለ ታውቃለች፤ ሳምንታዊው ገንዘብ ሲመደብ ይጠይቋት።

ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ብር ሲበዛ

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሲስተም ችግር ምክንያት አገልግሎቱን ለሰዓታት ሲያቋርጥ፣ ብሩ ሁሉ በስልኩ ውስጥ ያለ ሰው ቁርስ መክፈል አልቻለም። ኔትወርክም ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። የሁለት ቀን ወጪ በእጅ መኖሩ ለዚህም ነው።

ግን ጥሬ ገንዘብ ቁጠባ አይደለም። ፍራሽ ሥር የተቀመጠ ብር ዋጋ ይቀንሳል፣ እሳትና ሌባም አያልፉትም። ከሳምንቱ ፖስታዎች፣ «ለሰው» ከሚለውና ከወሩ አስቤዛ በስተቀር ቤት ውስጥ ብር አይቀመጥ። ማንኛውንም ትልቅ ክፍያ፣ የሞባይል ቀፎ ይሁን የቤት ዕቃ፣ በባንክ ይፈጽሙ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ። እርስዎ ራስዎ ሻጭ ከሆኑ ደግሞ ገዢው በሚያሳይዎ የስልክ ምስል አይመኑ፤ የራስዎ መልእክት ሳይደርስዎ ወይም ቀሪ ሒሳብዎ ሳይጨምር ዕቃ አያስረክቡ።

የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ

የመጀመሪያው ወር አይሳካም፤ ይህን አውቀው ይጀምሩ። ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይፈርሳል። ሲፈርስ የሚቀጥለውን ሳምንት ፖስታ ሙሉ በሙሉ አይክፈቱ፤ ከውስጡ የአንድ ቀን ብቻ፣ በምሳሌያችን 150 ብር፣ ይውሰዱና በላዩ ላይ «ተወስዷል» ብለው ይጻፉ።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ የፖስታዎቹን ጀርባ ደርድረው ይዩ። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን የሚያልቅ ከሆነ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ 1,050 አይበቃም ማለት ነው። ያኔ ከዕለት ወጪ ላይ መጭመቅ ትርጉም የለውም፤ ከላይ ካሉት ቋሚዎች አንዱ መነካት አለበት። ኪራዩ ከፒያሳና ከአቶቴ ይልቅ ወደ ቱላ አቅጣጫ ይረክስ እንደሆነ ይጠይቁ፣ ግን የባጃጁን ጭማሪ ደምረው ያስሉ። እቁቡ ከአቅም በላይ ከሆነ ዕጣው እስኪዞር ጠብቀው በሚቀጥለው ዙር በግማሽ ይግቡ። በየሳምንቱ የሚተርፍ ከሆነ ደግሞ የተረፈውን እሑድ ማታ ቆጥረው ሰኞ ጠዋት ባንክ ያስገቡት፤ የጳጉሜን ሒሳብ ውስጥ።